ባለቤት ያለው ጥያቄ

የትንንሽ ልጆች ድምፅ ቀጭን ነው። ምን ያህል ቀጭን እንደሆነ የሚያውቀው ግን እንደኔ ጆሮው የከዳው አስተማሪ ብቻ ነው። ጎረምሳ ሲጮህ እሰማለሁ፤ የጭነት መኪና ሲያልፍ እሰማለሁ፤ ወንድሜ ስለ ብረታ ብረት ንግዱ ሲያወራ፣ ባልሰማው ደስ ባለኝ፣ እሱንም እሰማለሁ። የአንደኛ ክፍል ልጅ መጽሐፉን አፉ ላይ ለጥፎ ሲያነብ ግን የሚደርሰኝ የተበጣጠሰ ነገር ነው። «ስ» እና «ፍ» ድራሻቸው ይጠፋል። ማንበብ ማስተማር ደግሞ ከመስማት ሌላ ምን ሥራ አለው? ልጁ የቱ ጋ እንደተሰናከለ ካልሰማሁ ምኑን አርመዋለሁ?

ስለዚህ ነገሩ አጭር ነው፤ መስማት ካቃተኝ ከክፍሌ እወጣለሁ። ዳይሬክተራችን ይህን በጨዋ አንደበት ነግራኛለች፤ «መምህር፣ ማረፍም እኮ ክብር ነው» እያለች። ማረፍ! ባል የለኝ፣ ልጅ አልወለድኩ፣ በዚህች ምድር ላይ የማውቀው ነገር ቢኖር የሰውን ልጅ ማንበብ ማስተማር ነው። ቤቴ ቁጭ ብዬ ግድግዳውን ላነጋግር?

ልጅ አልወለድኩም ስል አላሳደግኩም ማለቴ አይደለም። እህቴ ስትሞት ልጇ እኔ ጋ መጣ። ሰርሳሪ እለዋለሁ፤ ሌላ ስም አለው፣ እኔ ግን አልጠራውም። በልጅነቱ ሬዲዮኔን ፈታ፣ የግድግዳ ሰዓቴን ፈታ፣ አንድ ቀን የበሩን ቁልፍ ፈትቶ መግጠሙ ጠፍቶት ጎረቤት በመስኮት አስገባን። አድጎ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ሥራው ሲሆን «እፎይ፣ ከእንግዲህ የሚፈታው ነገር የኔ አይደለም» አልኩ። ሞኝ!

የመስሚያ መሣሪያዎቼን የገዛሁት ከትልቁ ኩባንያ ነው። ደህና ነበሩ። ጆሮ ግን እያደር ስለሚደክም በየጊዜው መስተካከል አለባቸው፤ ማስተካከያው ፕሮግራም ደግሞ ያለው እነሱ ሱቅ ብቻ ነው። እዚያ አንድ ደግ ባለሙያ ነበር። ድምፅ ያሰማኝና «ይሻላል ወይስ ይብሳል?» ይለኛል፤ እኔ አንዲት ቁልፍ እጫናለሁ፤ እንደገና «ይሻላል ወይስ ይብሳል?» ይላል። ሰርሳሪ አጠገቤ ተቀምጦ እንደ ሲኒማ ያየን ነበር።

አንድ ቀን ስንሄድ ባለሙያው አንገቱን ደፋ። «መምህር፣ ይህ ሞዴል ቀርቷል። ከእንግዲህ አናስተካክለውም።»

«ተበላሽቷል?»

«አልተበላሸም።»

«ታዲያ?»

«አዲሱን ይግዙ ብለዋል።»

የአዲሱን ዋጋ ሲነግረኝ አለመስማት ምንኛ መልካም ነገር እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ። ባለሙያውን ልሳደብ አስቤ ፊቱን ሳየው አንጀቴን በላው፤ የሱ ጥፋት አይደለም። ወጣን። ሰርሳሪ ቤት እስክንደርስ ቃል አልተነፈሰም። ዝም ሲል ደግሞ የሚፈታው ነገር አግኝቷል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ቤቴ የሽቦ መደብር መሰለ። አሮጌውን መሣሪያዬን ፈትቶ፣ አገላብጦ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር አነጋግሮ፣ ሲሰለቸው እኔን ጠርቶ «አክስቴ፣ ነይ እስቲ ጆሮሽን ስጪኝ» ይላል። መጀመሪያ የሰማሁት ፉጨት ነው፤ ለጠላቴም አይስጠው። ቀስ በቀስ ግን ወደ ሰው ድምፅ ተጠጋ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣለት። «ችግርሽ ክፍል ውስጥ ከሆነ ማስተካከልም ክፍል ውስጥ ነው» አለና ዳይሬክተሯን አስፈቅዶ፣ ላፕቶፑን ታቅፎ ትምህርት ቤት መጣ።

ልጆቹ ተራ በተራ ተነሥተው ያነባሉ፤ እኔ ከጆሮዬ ሽቦ ተንጠልጥሎ ተቀምጫለሁ፤ ሰርሳሪ የሆነ ነገር ይነካካና «ይሻላል ወይስ ይብሳል?» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ክፍሉ በሙሉ ለመደውና በዜማ ጀመሩት፤ «ቲቸር፣ ይሻላል ወይስ ይብሳል?» አንዷ አንብባ ስትጨርስ «ስ» ስትል ምላሷ በጥርሷ መሃል እንደሚሾልክ ሰማሁ። ዓመቱን ሙሉ አስተምሬያት ኮልታፋ መሆኗን አላውቅም ነበር! ልጆቹ ፊት አለቀስኩ። «ቲቸር ባሰባት!» ብለው ተንጫጩ።

ሰርሳሪ ፕሮግራሙን ኢንተርኔት ላይ አወጣው፤ ኮዱን ከነገመናው ክፍት አድርጎ። የፈለገ ይውሰድ፣ ይይ፣ ይቀይር፣ ያሻሽል አለ። ወንድሜ ይህን የሰማ ቀን ቤታችን መጥቶ ወንበር ላይ ሳይቀመጥ ጀመረ።

«አበድክ? የለፋህበትን? እኔ ሱቄን ክፍት አድርጌ ልሂድ?»

«አጎቴ፣ አንተ ምስማር ስትሰጠኝ አንተ ጋ ይጎድላል። ይህን ብሰጥ እኔ ጋ አይጎድልም። ሌላው አሻሽሎ ይመልስልኛል።»

«የሚመለስልህን እናያለን። ሰው ነፃ ነገር አያከብርም። ያንን ፓተንት የሚሉትን፣ የሐሳብ ባለቤትነቱን አውጣለት፤ ፓተንት የመጣው ለምን ይመስልሃል? የደከመ እንዲበላ ነው።»

«የኔ ድካም ብቻ አይደለማ። ከስንት ሰው ሥራ ላይ ቆሜ መሰለህ የጻፍኩት? ሁሉም በሩን ቢዘጋ ኖሮ አክስቴ ዛሬም አትሰማም።»

እውነቱን ልናገር፣ ወንድሜ ያለው ነገር የሞኝ ነገር አይደለም። የደከመ ይብላ። ግን የኔ ልብ ከሰርሳሪ ጋር ነበር፤ ስላሳደግኩት ብቻ ሳይሆን የመለሱለትን ስላየሁ ነው። ጡረታ የወጣ መርከበኛ ከሩቅ አገር ስህተት ፈልጎ አግኝቶ፣ አርሞ ላከለት። አንዲት እናት ልጄ ዝናብ ሲዘንብ ሰማ ብላ ጻፈች። የሰፈራችን ሬዲዮ ጠጋኝ እንኳ ፕሮግራሙን ጭኖ የአዛውንቶችን መሣሪያ ማስተካከል ጀመረ፤ ሱቁ በር ላይ ሽማግሌ ተሰልፎ «ይሻላል! ይብሳል!» ሲል አላፊ አግዳሚው ጨረታ ይመስለው ነበር።

እነዚህ ኮዳቸውን ክፍት የሚያደርጉ ሰዎች አንድ ወግ አላቸው። ሐሳብ ከማን እንዳገኙ ከፕሮግራሙ አናት ላይ ይጽፋሉ፤ ያመሰግናሉ። ሳያመሰግኑ መውሰድ ነውር ነው እነሱ ዘንድ። ሰርሳሪም ከመርከበኛው ስም ከፍ አድርጎ እንዲህ ጻፈ፤ «ተጠቃሚውን ራሱን እየጠየቁ የማስተካከሉን ሐሳብ ያየሁት ትልቁ ኩባንያ ሱቅ ውስጥ ነው። እዚያ ላለው ደግ ባለሙያ ከልብ አመሰግናለሁ።» አንብቦልኝ ነበር። «ጎሽ የኔ ልጅ» አልኩት።

ከትልቁ ኩባንያ መልእክት ሲመጣ ሰርሳሪ መጀመሪያ የመሰለው ምስጋና ነው። ፊቱ በርቶ ከፈተው፤ ሲያነብ ፊቱ ጠፋ፤ ፓተንታችንን ነክተሃልና እንከስሃለን ይላል። ጉዳዩን ይዘን ጠበቃ ጋ ሄድን፤ ወንድሜ የሚያውቃት፣ ነገር የማታስረዝም ሴት ናት። አነበበችና መነጽሯን አወለቀች።

«ፓተንቱ የተያዘው መሣሪያው ላይ አይደለም» አለች። «ዘዴው ላይ ነው። ድምፅ አሰምቶ፣ ሰውየውን ይሻላል ወይስ ይብሳል ብሎ ጠይቆ፣ በመልሱ መሠረት ማስተካከል።»

«ምን? መጠየቁን?» አልኩ። «መጠየቁን ነው የያዙት?»

«በኮምፒውተር መጠየቁን።»

«እናቴ ሾርባ እያቀመሰችኝ ጨው በዛ ወይስ አነሰ ስትለኝ ነው ያደግኩት! መነጽር ሠሪው ከጥንት ጀምሮ ምን እያለ ነው የሚጠይቀው? ባለቤት የሌለው ጥያቄ ይህ ነበር እኮ!»

«ልክ ነዎት» አለች፤ ምንም ሳትሟገተኝ። «ፓተንቱ ደካማ ነው። ችሎት ቢቀርብ ሊወድቅ ይችላል። ግን እስኪወድቅ ዓመታት ይፈጃል፤ በነዚያ ዓመታት የሚወጣው ገንዘብ የእርስዎንም የወንድምዎንም ቤት ይበላል። ደግሞ ይህ አለ።» ወረቀቱን ወደ ሰርሳሪ አዞረችው። «ሳላውቅ ነው እንዳትል፣ ከነሱ እንዳየኸው በገዛ እጅህ ጽፈሃል። እያወቀ የነካ ሰው ካሣው እጥፍ ድርብ ነው።»

«እኔ እኮ ያመሰገንኩ ነው» አለ ሰርሳሪ።

«አዎ» አለች ጠበቃዋ። «እነሱም ያቀረቡት ያንኑ ምስጋና ነው።»

ወንድሜ «ብዬ ነበር» እንዳይል ዐይኔን አፈጠጥኩበት። አላለም። እንደሱ አንገቱን ሲደፋ አይቼው አላውቅም።

ተስፋ ቆርጠን ሳለን ነው ፈገግታው የምለው ሰውዬ የመጣው። ስሙን ነግሮኛል፤ እኔ ግን ያየሁት ጥርሱን ነው። የትልቁ ኩባንያ ተቀናቃኝ ከሆነው ሌላ ድርጅት ነው የመጣው፤ እነሱም የመስሚያ መሣሪያ ይሠራሉ፣ እነሱንም ያው ፓተንት አንቋቸዋል። ሳሎኔ ውስጥ ተቀምጦ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እኛ በክፍት ሶፍትዌር እናምናለን። እውቀት የሁሉም ነው። ልጅዎ ብቻውን አይደለም፤ ጠበቆቻችን ይቆሙለታል። ይህን ፓተንት አብረን እንጥለዋለን» አለ። ውሃ እንኳ አልጠጣም፤ ላስቸግርዎ አልፈልግም ብሎ።

አመንኩት። ምን ላድርግ? የሰመጠ ሰው የያዘውን እንጨት ዓይነት አይመርጥም። ትልቅ አዳራሽ ወሰደን፤ ጋዜጠኞች ነበሩ። እኔን ማይክራፎን አስያዙኝና ስለ ልጆቼ ተናገርኩ፤ ስለ ኮልታፋዋ፣ ስለ ዝማሬያቸው። ሰው ተነሥቶ አጨበጨበ። ወንድሜ አዲስ ኮት ለብሶ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ አጠገቡ ላለው ሰው «ክፍት ማድረግ እኮ ነው ሥልጣኔ» ሲል በመሣሪያዬ ጥርት አድርጌ ሰማሁት። ሣቄ መጣ። የዚያን ቀን ሰርሳሪ ትከሻዬን አቅፎኝ ወጣን፤ ያሸነፍን መስሎን ነበር።

ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። ሲታረቁስ? ሲታረቁ ደግሞ እዚያው ሣር ላይ ይተኛሉ።

ወሬውን ያመጣው ወንድሜ ነው። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየን፤ የትልቁ ኩባንያ አለቃና የተቀናቃኙ አለቃ እጅ ለእጅ ተጨባብጠው። ከሥሩ «ታሪካዊ ስምምነት» ይላል። አንዱ የሌላውን ፓተንት እንዲጠቀም ተፈቃቅደዋል፤ ክሱም ቀርቷል። የነሱ ክስ ማለት ነው። የፈገግታው ድርጅት ከእንግዲህ በኮምፒውተር «ይሻላል ወይስ ይብሳል» ብሎ እንዲጠይቅ ተፈቅዶለታል። የኛ ስም የትም የለም።

ሰርሳሪ ለፈገግታው ደወለ፤ አያነሣም። ደጋግሞ ደወለ፤ አያነሣም። በመጨረሻ አጭር መልእክት መጣ፤ «ለትብብራችሁ እናመሰግናለን። መልካም ዕድል።» ይቺ ምስጋና ግን ማንንም አታስከስስም።

እርር ድብን አልኩ። ሌሊትና ቀን ስድብ ሳዘጋጅ ከረምኩ። ሰርሳሪን የትልቁ ኩባንያ ቢሮ ውል እንዲፈርም ሲጠሩት «አብሬ እሄዳለሁ፤ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ዝም አልልም» ብዬ ተከተልኩት። መስታወት በመስታወት የሆነ ክፍል ውስጥ አስገቡን። አንድ ወጣት ጠበቃ ተነሥቶ ወንበር ሳበልኝ። ውሃ ቀዳልኝ። አየር ማቀዝቀዣው ከበረደዎት ልቀንሰው አለኝ።

«አንተ ነህ ይህን ያደረግከው?» አልኩት።

«እኔ አይደለሁም እማማ። የተላክሁ ነኝ።»

«ማነው የላከህ?»

«የሕግ ክፍሉ ነው። እነሱም ከላይ የመጣ ውሳኔ ነው የሚያስፈጽሙት።»

«ከላይ ያለውስ ሰው ስለኔ ያውቃል? ስለ ልጆቹ ያውቃል?»

አሰበ፤ የምር አሰበ ልጁ። «የሚያውቅ አይመስለኝም» አለ። «ይቅርታ።» ከልቡ ነበር። ያ ሁሉ ያዘጋጀሁት ስድብ አፌ ውስጥ ቀረ። የምጮህበት ሰው አጣሁ። አንድ ክፉ ሰው እንኳ ቢሰጡኝ ምን ነበረበት?

ውሉ ይህ ነው፤ ሰርሳሪ ፕሮግራሙን ያወርዳል፤ ዳግመኛ አይጽፍም፤ ለማንም፣ ለቤተሰቡም ቢሆን፣ በዚያ ዘዴ መሣሪያ አያስተካክልም፤ ስለ ጉዳዩም ለማንም አይናገርም። ይህን ካከበረ ካሣ አይጠይቁትም። ከጣሰ የመጀመሪያውም የሁለተኛውም ይመጣበታል። ጠበቃችን ቀድማ «ፈርም፤ ሌላ መንገድ የለህም» ብላዋለች። ፈረመ።

መርከበኛው ጻፈ፤ ምን ሆነ አለ። እናቲቱ ጻፈች። ሰርሳሪ ስለ ጉዳዩ እንዳይናገር ስለ ፈረመ አልመለሰላቸውም። ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ ጥያቄያቸውን ያነባል፣ ይዘጋል፤ ደግሞ ይከፍታል። የሬዲዮ ጠጋኙም ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ ደርሶት ፕሮግራሙን አጠፋ። ለምኜው ነበር። «እትዬ፣ ልጆች አሉኝ» አለኝ። ምን ልበለው? እኔም ልጅ አለኝ።

ጆሮዬ ደግሞ ውል አያውቅም፤ መድከሙን ቀጠለ። በመጀመሪያ የወፎቹ ድምፅ ሄደ፤ ይሂድ። ከዚያ የደወሉ ጫፍ ሄደ። ከዚያ «ፍ» ሄደች። «ስ» ትንሽ ቆይታ ተከተለቻት።

አንድ እሑድ ሰርሳሪ ሽቦውን ይዞ መጣ። የውጭውን በር ዘግቶ፣ መጋረጃውን ስቦ፣ አጠገቤ ተቀመጠ።

«አንዴ ብቻ» አለ። «እዚህ ቤት ውስጥ ማን ያየናል?»

«ምን ትሠራለህ?»

«አክስቴ፣ አትሰሚም እኮ። ስጠራሽ ዞር አትዪም።»

«ሆን ብዬ ነዋ። አንተ ስትጠራኝ ሁሉ መዞር አለብኝ? ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት መብቴ ነው።»

አልሣቀም። ሽቦውን እጁ ላይ እየጠቀለለ ቆየ። ዐይኑ ደም መስሏል። አንድ ጥቆማ፣ አንድ ነገረኛ ጎረቤት፣ አንድ ልጅ ትምህርት ቤት «የቲቸር ጆሮ ተሠራ» ብሎ ቢያወራ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲከፍል ይኖራል። ወጣት ነው። ገና አላገባም።

«ስማኝ» አልኩት። «እኔ ደህና እሰማለሁ። ሲያቅተኝ እነግርሃለሁ። አሁን ይህን ጥንቡን ሽቦህን አንሣልኝ።»

«እውነትሽን ነው?»

«መቼ ዋሽቼህ አውቃለሁ?»

አየኝ። ያመነኝ አይመስለኝም፤ ማመን ግን ፈለገ። ተነሥቶ ሄደ።

ደህና ነበር የያዝኩት። ልጆቹ ሲያነቡ ከንፈራቸውን አያለሁ፤ መጽሐፉን በቃሌ ስለማውቀው ከንፈሩ የት እንደደረሰ እከተላለሁ። የቆመ ከንፈር ካየሁ የከበደውን ቃል እነግረዋለሁ። የጨረሰውን «ጎበዝ» እላለሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዓመቱን የምጨርስ መስሎኝ ነበር።

ክፍሌ ውስጥ ማንበብ እንቢ ያላት አንዲት ልጅ አለች። ከሁሉ ኋላ ናት፤ ተራዋ ሲደርስ ሆዴን አመመኝ ትላለች፣ እርሳስ ትጥላለች፣ ታለቅሳለች። ማክሰኞ ዕለት ዳይሬክተሯ ክፍል ልትጎበኝ ገብታ ከጀርባ ተቀምጣለች። የልጅቷ ተራ ደረሰ። ሰበብ ትፈጥራለች ብዬ ስጠብቅ ብድግ አለች። መጽሐፉን ያዘች። ከንፈሯ መንቀሳቀስ ጀመረ፤ ሳይቆም፣ ሳይደናቀፍ፣ ከላይ እስከ ታች። የማምነው ጠፋኝ። ስትጨርስ ሄጄ ራሷን አቅፌ «ጎበዝ! ጎበዝ የኔ ልጅ! አጨብጭቡላት!» አልኩ።

ያጨበጨበ የለም። ልጆቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዳንዱ አፉን በእጁ ይዟል።

ዳይሬክተሯ ከኋላ ተነሥታ መጣች። እንድሰማት ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አለች፤ ሽቶዋ ሸተተኝ።

«መምህር» አለች በቀስታ፤ «ልጅቷ ድምፅ አላወጣችም እኮ። አንዲት ቃል አላነበበችም።»

ልጅቷን አየኋት። መጽሐፉን ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ ጉንጮቿ ቀልተው፣ በኩራት ቀና ብላ ታየኛለች። ጎበዝ ስትባል ይህ የመጀመሪያዋ ነው።